የፖስታውን ከከፈልሽ ሞቼ እገኛለሁ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የኔን ያወጣው መልአክ ግን ቸኩሎ ነበር መሰለኝ፤ «ቻላቸው» ብሎኝ ሄደ፣ እኔም ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ የሰውን ወጪ ስችል እኖራለሁ። ምሳ ተጋብዤ ሄጄ እንኳ እኔ ነኝ የምከፍለው። አንድ ጊዜ እዚህ አትላንታ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ካለ ምግብ ቤት ከጓደኛዬ ከጌታሁን ጋር ሂሳብ ስንነጣጠቅ የሸሚዜ ኪስ ተቀደደ። እሱ «እኔ ልሙት!» ይላል፣ እኔ «በሞቴ!» እላለሁ፣ አስተናጋጇ የምር ጸብ መስሏት ማናጀሩን ጠራችው። ማናጀሩ ሲደርስ ሁለታችንም ተቃቅፈን እየሳቅን ነበር። ሂሳቡን የከፈልኩት ግን እኔ ነኝ።

ይህን የማወራችሁ ለጉራ አይደለም። ይህቺ «እኔ እችላለሁ» የምትል አመሌ ባለፈው መጋቢት፣ በአንድ ቅዳሜ ቀትር፣ ፖሊስ ደጄ ድረስ አመጣችብኝ። እውነቱን ልናገርና ያ ፖሊስ ባይመጣ ኖሮ ዛሬ ይህን የሚጽፍላችሁ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። እንዴት እንደሆነ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ እናንተም ሳትቸኩሉ ስሙኝ።

ያኔ ብሩክሄቨን ውስጥ፣ አሁንም ባለሁበት አፓርታማ፣ ብቻዬን ነበርኩ። ሥራዬ ደንዉዲ ካለ አንድ ሆቴል ሻትል መንዳት ነው፤ እንግዶቹን ጠዋት ወደየቢሯቸው አደርሳለሁ፣ ማታ እመልሳለሁ። አንዲት ልጄ ሜላት ኬኔሶ ከተማ ተምራ እዚያው ሥራ ይዛ ቀርታለች። ባለቤቴ ዘነበች ደግሞ ካረፈች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር።

ስሟ ዘነበች፣ የምትወደውም የሚዘንብ ነገር። አትላንታ ግን በረዶ የላትም፤ ቢመጣም ጠዋት አይታችሁት ከሰዓት የለም። ስለዚህ ዘነበች ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሰዎች የቤታቸውን ዕቃ ግቢያቸው ላይ ዘርግተው በሚሸጡበት ያርድ ሴል እየዞረች ስኖው ግሎብ ትለቅም ነበር። ለማታውቁት፣ ስኖው ግሎብ ማለት ውሃ የሞላበት የመስታወት ኳስ ነው። ውስጡ ትንሽ ቤት ወይ ዛፍ ወይ ድልድይ አለ፤ ነቅነቅ ሲያደርጉት በረዶ ይዘንባል። «በረዶዎቼ» ነበር የምትላቸው። ሳሎኑ፣ መኝታ ቤቱ፣ ፍሪጁ ላይ ሳይቀር በረዶ ነበር። ከሥራ ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አንዷን አንስታ ትነቀንቅና በረዶው ወርዶ እስኪያልቅ ቆማ ታያለች። «ምን ታይቶሽ ነው?» ስላት «ዝም በል፣ እየዘነበ ነው» ትለኛለች።

እሷ ካረፈች በኋላ ቤት ስገባ ኳሶቹ ሁሉ ጸጥ ብለው ይጠብቁኛል። የሚነቀንቃቸው የለም። አንድ ዓመት ታገስኩ፤ አልቻልኩም። ሜላትን «ውሰጂልኝ» ብዬ ለመንኳት።

«አባ፣ የኔ ቤት እኮ ክሎዜት ነው የሚያክለው፤ የት ላስቀምጣቸው? ለምን ኦንላይን አትሸጣቸውም?» አለችና የጨረታ ገጽ ላይ አካውንት ከፈተችልኝ። ነገሩ ቀላል ነው። ፎቶ አንስታችሁ ትለጥፋላችሁ፣ ሰዎች ዋጋ እየጨመሩ ይጫረታሉ፣ ያሸነፈው ይከፍላል፣ እናንተ አሽጋችሁ በፖስታ ትልካላችሁ። የመጀመሪያዋን ስንለጥፍ ሜላት ቀና ብላ አየችኝ።

«ሺፒንጉን ማን ይክፈል ልበል?»

«ማን ይከፍላል? እኔ ነኛ!»

«ኖ፣ አባ፣ ባየሩ ነው የሚከፍለው፣ የገዛው ሰው። ይሄ ነገር ውሃና መስታወት ነው፣ በጣም ይከብዳል። ካርቶኑ አለ፣ ቴፑ አለ። ሎስ ታደርጋለህ።»

«የእናትሽን ዕቃ ሸጬለት ደግሞ የማድረሻ ክፈል ልበለው? እንግዳ ጠርቶ የታክሲ አምጣ ማለት እኮ ነው! ማሸጊያውም ፖስታውም በኔ ነው። እኔ እችላለሁ።»

«ላይክ፣ ሰው ማሚን እንዲወስድልህ አንተ እየከፈልክ ነው እኮ» አለች። ለቀልድ ነበር የተናገረችው። እኔም ሳቅኩ። ግን ንግግሯ ውስጤ ቀረች።

ማሸግ ላይ እኔን የሚያህል አልነበረም። መጀመሪያ ኳሷን በለስላሳ ወረቀት እሸፍናታለሁ፤ ከዚያ ያ ሲጫኑት ቷ ቷ በሚለው ባብል ራፕ ደራርቤ እጠቀልላታለሁ። በትንሽ ካርቶን ከትቼ፣ ትንሹን ካርቶን በትልቁ ውስጥ አስቀምጬ በመሃላቸው ፎም እሞላለሁ። ነቅነቅ አድርጌ ድምፅ ካሰማች መልሼ እፈታታለሁ። ፖስታ ቤት ያለችው ሴትዮ ሚዛን ላይ ስታስቀምጣት «ሰር፣ ውስጡ ያለው ሕፃን ነው እንዴ?» ትለኛለች። እሷ ምን ታውቃለች! ዘነበች ታማ ሆስፒታል ስትመላለስ እንዲህ አድርጌ ጠቅልዬ ብይዛት ኖሮ እያልኩ ነበር የማሽገው።

አሁን ያኔ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። በረዶዎቹ እየቀነሱ ሲሄዱ ውስጤ እየቀለለኝ ሄደ። ጎሽ፣ ተጽናና ማለት ነው እንዳትሉ። ሻንጣውን ሸክፎ የጨረሰ መንገደኛ የሚሰማው ዓይነት መቅለል ነበር። የመጨረሻዋ በረዶ የሄደች ዕለት የኔም ነገር ያልቃል ብዬ አሰብኩ። ይህን አደርጋለሁ ብዬ አላቀድኩም፤ ብቻ ከዚያ ቀን ወዲያ ያለው ጊዜ አይታየኝም ነበር። የደም ግፊት መድኃኒቴ ካለቀ ሰንብቷል፤ ፋርማሲው «ሪፊልዎ ደርሷል» የሚል ቴክስት ሲልክልኝ አጠፋዋለሁ። ስተኛ ባልነቃ ደስ ይለኝ ነበር።

ደግሞ ተናግሬአለሁ እኮ! ለጌታሁን በስልክ «ኧረ እኔስ ሞቼ ባረፍኩት» ብዬዋለሁ። «ሁላችንም ነን፣ ወንድሜ» አለኝና ርካሽ ጎማ የት እንደሚገኝ ጠየቀኝ። ለሜላትም ነግሬአታለሁ። «አባ፣ ስቶፕ» አለችኝ እየሳቀች። አልፈርድባቸውም።

ወደዚያች ቅዳሜ እንሂድ። እዚህ በመጋቢት ዛፎቹ ቢጫ ብናኝ ያራግፋሉ። መኪናው፣ ደረጃው፣ የበረንዳው ወንበር፣ ሁሉም ቢጫ ይለብሳል። ሰው ያስነጥሳል፣ መኪናውን እያጠበ ይራገማል። ዘነበች ግን በረንዳ ላይ ወጥታ እጇን ትዘረጋ ነበር። «ይኸው የኛ በረዶ» ትላለች፣ መዳፏ ቢጫ እስኪሆን። ያን ዕለት ቀለል ያለ ነፋስ ነበረና ብናኙ በመስኮቱ ፊት ፀሐይ እየመታው ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከቤት መውጣት አላስፈለገኝም፤ ዕረፍቴ ነው። ጠረጴዛው ላይ ካርቶኖቹ፣ ቴፑና መቀሱ ተዘርግተዋል፣ መሃል ላይ የመጨረሻዋ በረዶ ተቀምጣለች። ትንሽ ቤት፣ አንድ የመንገድ መብራት፣ በሩ ላይ ጃንጥላ የያዘች ሴት። ዘነበች ገና በመጣን ዓመት ደንዉዲ የገዛቻት የመጀመሪያዋ በረዶ ይህቺ ናት። እኔም ለመጨረሻ ያስቀረኋት ስለዚያ ነው።

ያሸነፈችው ሚስ ኤቭሊን የምትባል ሴት ናት። ኖርዝ ካሮላይና ተራራ ላይ ነው የምትኖረው፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ከዚያ በፊትም ከኔ ሁለት ጊዜ ስለገዛች ሹፌር ለሹፌር ጥቂት መልእክት ተለዋውጠናል። ያን ቀን ግን የጻፈችልኝ ሌላ ነው።

«ሚስተር ቻላቸው፣ ባለፈው ካርቶን ላይ ያለውን የፖስታ ዋጋ አየሁት። ለዕቃው እኔ ከከፈልኩዎት ይበልጣል። ይህ ልክ አይደለም። የአሁኑን ፖስታ እባክዎን እኔ ልክፈል።»

ደሜ ፈላ። ምን ማለቷ ነው? ሰውዬው አልቻለም ማለቷ ነው? ያቺን በረዶ እኮ የምልከው እኔ ነኝ፤ የመጨረሻውን መንገዷን ሌላ ሰው ሊከፍልላት ነው? የኔ እንግሊዝኛ ለአፍ ነው እንጂ ለጽሕፈት አይሆንም፤ ሌላ ጊዜ መልእክት የምታይልኝ ሜላት ናት። ያን ቀን ግን እስክትደርስ የሚጠብቅ ትዕግሥት የለኝም። ስልኬ ላይ ያለውን መተርጎሚያ ከፍቼ በአማርኛ ጻፍኩ።

«አይሆንም። ፖስታው በኔ ነው።»

«እኔም እምቢ እላለሁ። እኔ ነኝ የምከፍለው» ብላ መለሰች። ይቺ ሴትዮ ሐበሻ ናት እንዴ!

«በሞቴ! እንዳትከፍይ።»

ትንሽ ቆየችና «ሚስተር ቻላቸው፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ሰላምታ መሰለኝ። ነገር ለማለሳለስ ነው ብዬ ጭራሽ ባሰብኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«እኔ ልሙት፣ የፖስታውን ከከፈልሽ ሞቼ እገኛለሁ! ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ከእሷ በኋላ ቤቴ ባዶ ነው፣ ሥራዬን ጨርሻለሁ። አንቺ ብቻ በደህና ተቀበያት።»

ላክሁት። እንግሊዝኛ ሆኖ ሲወጣ አላነበብኩትም፤ ማን የገዛ ቁጣውን መልሶ ያነባል? ስልኬ ባትሪው ሊያልቅ ስለነበር ማድቤት ወስጄ ቻርጅ ላይ ሰካሁትና ወደ በረዶዬ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት እንዴት እንዳለፈ አላውቀውም። ላሽጋት ባብል ራፑን ቆረጥኩ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ልያት አልኩና ነቀነቅኋት። በረዶው በትንሿ ቤት ላይ፣ በመብራቱ ላይ፣ በሴትዮዋ ጃንጥላ ላይ ወረደ። ሲያልቅ ደግሜ ነቀነቅኋት። ቀና ስል ውጭም ይዘንባል፣ ቢጫው። ከየትኛው መስታወት ወዲህ እንዳለሁ ጠፋኝ። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ የፍሪጁ ድምፅ እንኳ የሩቅ ነው። ጃንጥላ የያዘችው ሴት ፊት የላትም፣ ነጥብ ብቻ ናት፤ እኔ ግን ፊት ሰጠኋት። «ዝም በል፣ እየዘነበ ነው» አለችኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንዲህ ደስ ይላል እንዴ? እዚያው ብቀር፣ ማንም ባያወጣኝ ብዬ ተመኘሁ። ስመኝም አልፈራሁም። አሁን ሳስበው ነው የምፈራው።

ያኔ መስታወቱ ተንኳኳ።

በእውነት የምላችሁ፣ መጀመሪያ እጄ ላይ ያለችው ኳስ ናት የተንኳኳችው የመሰለኝ። ሁለተኛ ሲንኳኳ ቀና አልኩ። ቤቴ ምድር ላይ ነው፣ ዋናውን በር ሲያንኳኳ አልሰማሁም ኖሯል፤ የበረንዳው መስታወት በር ላይ አንድ ረጅም ወጣት ፖሊስ ቆሟል፣ ትከሻው ላይ ቢጫ ብናኝ ሰፍሮበታል።

«ሚስተር ቻ... ቻላቾ? በሩን ይከፍቱልኛል፣ ሰር?»

ፖሊስ ቤት ድረስ ለምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። በሩን ስከፍት «ልጄ ምን ሆነች?» አልኩ፣ በአማርኛ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ደገምኩት።

«ልጅዎ ምንም አልሆነችም። የመጣሁት ለእርስዎ ነው። አንዲት ሴት ከኖርዝ ካሮላይና ደውላ በካርቶንዎ ላይ ያለውን አድራሻና ስልክ ሰጠችን። ስልክዎን አላነሱምና ሰው ሄዶ ይይልኝ ብላለች።»

«ሚስ ኤቭሊን? ምን ሆንኩ ብላ?»

ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ መተርጎሚያው እንግሊዝኛ ያደረገውን ያነብልኝ ጀመር፣ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል። «ልሙት። የፖስታ ከከፈልሽ ሬሳዬ ይገኛል። ይህቺ የመጨረሻዋ ናት። ከእሷ በኋላ ቤቴ ባዶ ነው፣ ሥራዬን ጨርሻለሁ።» ከዚያ ቀና አለ፤ «ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት፣ ሰር?»

መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ ከዚያ ሳቄ መጣ። እንዲያው ሆዴን ይዤ ሳቅኩ!

«ኦፊሰር፣ ይሄ እኮ የፖስታ ነው! በኛ አገር እንዲህ ነው የሚባለው። ሰው ምሳ ስንጋብዝም እንዲሁ ነው።»

«ምሳ ስትጋብዙ እሞታለሁ ትላላችሁ?»

«አዎ።»

«እንግዳውስ ምን ይላል?»

«እሱም እሞታለሁ ይላል።»

«ታዲያ በመጨረሻ ማን ይከፍላል?»

«የበለጠ የሞተው» አልኩት።

ወጣቱም ሳቀ። ጥርሱ ያምራል፣ ልጅ ነው። «አያቴ ብትሰማዎት ትወድዎት ነበር» አለኝና በትከሻው ሬዲዮ አንድ ነገር ተናገረ። ሊሄድ ዞረ። የበረንዳው ብናኝ ላይ የጫማው ዱካ ታትሟል። ከዚያ ቆመ፣ ተመልሶም ጠረጴዛውን፣ ካርቶኖቹን፣ ባዶ የሆኑትን መደርደሪያዎች አየ።

«ሰር፣ አሁን እሄዳለሁ። ግን አንድ ጊዜ በደንብ መጠየቅ አለብኝ። እንደ ምሳው ሳይሆን እንደ እውነቱ ይመልሱልኝ። መሞት ይፈልጋሉ?»

ኖ ማለት ነው እኮ! አንዲት ቃል ናት፣ ሕፃን ልጅም ይላታል። አፌን ከፈትኩ። ቃሏ አልወጣችም። እንደገና ሞከርኩ። እሱ አየኝ። እኔም ኳሷን አየሁ፤ በረዶው አልቆ ሴትዮዋ በር ላይ ቆማለች። ቻላቸው ቻላቸው ሲባል የኖረ ሰው አንዲት ኖ ማለት አቃተው።

ወጣቱ ባርኔጣውን አወለቀ። ወንበሩ ላይ የነበረውን ፎም አንስቶ መሬት አኖረና ተቀመጠ። የዘነበች ወንበር ነበር፤ ማን ይንገረው!

«ቸኩዬ የምሄድበት የለም» አለኝ።

ነገርኩት። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ስለ በረዶዎቹ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ባልነቃ ብዬ ስለምተኛው እንቅልፍ ሁሉንም ነገርኩት። አንዳንዱን በአማርኛ ነው የነገርኩት፤ እሱም እንደገባው ሰው ራሱን ይነቀንቃል። አለቀስኩም። በቀብሯ ዕለት ሰው ሁሉ «በርታ፣ ቻለው» ሲለኝ ችዬ ያላለቀስኩትን ያን ዕለት አለቀስኩት። ሲበቃኝ ውሃ አመጣልኝ፣ ስልኬንም ከማድቤት ይዞልኝ መጣ።

«ልጅዎን ይደውሉላት። እስክትመጣ አብሬዎት ነኝ። ደግሞ ያቺ ሴትዮ ድምፅዎን ካልሰማሁ ከስልኩ አጠገብ አልነሳም ብላለች።»

ለሜላት ደወልኩ፣ «ነይ» ብቻ አልኳት። ከዚያ ወጣቱ በሰጠኝ ቁጥር ለሚስ ኤቭሊን። ድምፅዋ ሻካራ ነው፣ የሹፌር ድምፅ።

«ፖሊስ ስለላክሁብዎት ይቅርታ» አለችኝ። «ታናሽ ወንድሜ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ጽፎልኝ ነበር። ቀልድ መስሎኝ ዝም አልኩ። ያን ስህተት ዳግመኛ አልሠራውም።»

ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አንድ ሌላ ነገር። የፖስታውን እኔ ነኝ የምከፍለው።»

«በሞ...» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። ወጣቱ ፖሊስ ቅንድቡን ወደ ላይ አድርጎ ያየኛል። ለካ ሰው ሲከፍልልኝ እሺ ማለት ለኔ እንዲህ ከባድ ኖሯል! የገንዘቡ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁሉን የምችለው እኔ ነኝ ካልኩ፣ ማንም እንዲይዘኝ አልፈቀድኩም ማለት ነበር።

«እሺ» አልኳት። «ክፈይ።»

ሜላት ስትደርስ መኪናዋን እንዴት ፓርክ እንዳደረገችው እግዜር ይወቅ፣ ግማሹ ሳር ላይ ነው፣ በሩም ክፍት። ፀጉሯ ላይ ብናኝ አለ። ፖሊሱን ስታይ ቀጥ ብላ ቀረች፣ ከዚያ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«ነግረኸኝ ነበር፣ አባ። ነግረኸኝ እኮ ሳቅኩ!»

«አንቺ ምን አደረግሽ የኔ ልጅ? የኛ ቋንቋ ነው ያሳሳተሽ።»

«አባ፣ እኔ ልሙት...» አለችና አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ተያየን። ሁለታችንም እንባችን እየወረደ ሳቅን። ያን ዕለት ከሰዓት እሷና እኔ ሆስፒታል ሄድን፣ ሐኪም አነጋገረኝ። እስካሁንም በየሁለት ሳምንቱ የምሄድባት አንዲት አማካሪ አለችኝ፤ መድኃኒቴንም በሰዓቱ እውጣለሁ። ጌታሁን ሲሰማ በሥራ ልብሱ መጥቶ ደጃፌ ላይ አለቀሰ። አሁን እሑድ እሑድ ምሳ አብረን ነን፤ አንድ ቀን እሱ ይከፍላል፣ አንድ ቀን እኔ። መጀመሪያ አካባቢ እሱ ሲከፍል እጄን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ ነበር የምቀመጠው።

ውድ አንባቢዎቼ፣ እኛ ቀኑን ሙሉ ሞትን ስንጠራ ነው የምንውለው። ብሉልኝ ለማለት በሞቴ፣ እመኑኝ ለማለት እኔ ልሙት፣ ስንወድ ልሙትልህ፣ ሲደክመን ሞቼ ባረፍኩት። ተዉት አልላችሁም፤ እኔም አልተውኩትም፣ ፍቅራችን እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጨዋታ መሃል አንዱ የእውነቱን ሲናገር ማን ይለየዋል? እኔን የለየችኝ ቋንቋዬን የማታውቅ ሴት ናት፤ ስለማታውቀው ቃሌን እንዳለ ወሰደችው። ስለዚህ አጠገባችሁ ያለ ሰው፣ በተለይ ሁሉን ቻይ የምትሉት ሰው፣ ሞቼ ባረፍኩት ካላችሁ ከሳቃችሁ በኋላ እንደ እውነቱ አንድ ጊዜ ጠይቁት። መልስ እስኪሰጣችሁም ተቀመጡ። የተጠየቃችሁትም እናንተ ከሆናችሁ፣ እንደ እውነቱ መልሱ። ይህን ብቻ ነው የምለምናችሁ።

በረዶዋስ? ልኬአታለሁ። ከአንድ ወር በኋላ ሜላት ባብል ራፑን እየያዘችልኝ አሸግኋት። ካርቶኑንና ቴፑን እኔ ቻልኩ፣ ፖስታውን ሚስ ኤቭሊን ከፈለች፤ በዚህ ተስማማን። ፖስታ ቤት ሚዛን ላይ ሳስቀምጣት እጄ ትንሽ ቆየባት። ከዚያ ለቀቅኋት። እሷ ሄደች፣ እኔ ቀረሁ። ስወጣ የመኪናዬ መስታወት ላይ የመጨረሻው ብናኝ ሰፍሯል፤ በጣቴ ጠረግሁትና ወደ ሥራ ሄድኩ።

ሚስ ኤቭሊን ከዚያ ወዲህ መተርጎሚያውን እሷም ለምዳዋለች። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በአማርኛ ትጽፍልኛለች፣ ቃሉ እንደወጣ፣ ሳታስተካክለው። እኔም እንዳታስተካክለው ብዬ ስህተቱን አልነገርኳትም።

«ሚስተር ቻላቸው፣ ዛሬ ሞተው ተገኝተዋል?»

እኔም እመልስላታለሁ፦

«አልተገኘሁም።»